ከሁለት ሰው ጀምሮ

ከኦካያማ የተነሳሁት በመጀመሪያው ፈጣን ባቡር ነው። ተራራውን አቋርጠን ወደ ሰሜኑ ጠረፍ ስንወርድ መስኮቱን ዝናብ መታው፤ ማትሱዌ ስንደርስ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ፀሐይ ወጣች። የዚያ አገር ሰዎች «ምሳህን ብትረሳ እንኳ ጃንጥላህን አትርሳ» ይላሉ። ጃንጥላዬን ይዣለሁ። ምሳዬን ግን የምረሳ ሰው አልነበርኩም፤ የመጣሁት ለምሳ ነው።

በከተማው ጥንታዊ ግንብ ዙሪያ ባለው ቦይ ዳር፣ ከድልድዩ ወዲህ፣ አንድ የቆየ ምግብ ቤት አለ። በሠርግ ገበታ ላይ የማይጠፋውን ቀይ ዓሣ ከነራሱ ሩዝ ላይ አጋድመው በሸክላ ድስት ያበስሉታል። ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት፣ በተጋባን በሦስተኛው ቀን፣ ከባለቤቴ ጋር እስከ በሩ ድረስ ሄደን ነበር። ረቡዕ ነበር፤ ረቡዕ ይዘጋሉ። ባለቤቴ ለተዘጋው በር እጅ ነስቶ «እንግዲህ በሚቀጥለው» አለው። እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ቦዩ ውስጥ ልወድቅ ነበር። የሚቀጥለው ሳይመጣ ቀረ። ዛሬ ሐሙስ ነው፤ ሐሙስ እንደሚከፈት ሁለት ጊዜ ደውዬ አረጋግጫለሁ።

ምግብ ቤቱ እስኪከፈት ግንቡን ልይ ብዬ ወጣሁ። እኔና ሌሎቹ ጎብኚዎች ጫማችንን በሩ ላይ አውልቀን፣ በላስቲክ ከረጢት አንጠልጥለን፣ በካልሲ ገባን። አራት መቶ ዓመት የተረገጠ የእንጨት ወለል እንደ መስታወት ያንሸራትታል። ደረጃውም ደረጃ ከሚባል መሰላል ቢባል ይሻለዋል። ከፊቴ አንዲት ሴትዮ ይወጣሉ። ሰባ አራት ዓመታቸው መሆኑን በኋላ ነገሩኝ፤ ያኔ የማየው የነብር ቆዳ የመሰለ ሸሚዛቸውንና አፍንጫዬ ሥር ከፍ ዝቅ የሚለውን ተረከዛቸውን ብቻ ነበር።

«አንቺ ከኋላዬ ያለሽው!» አሉ ሳይዞሩ። «ካንሸራተተኝ ትይዢኛለሽ?»

«እሞክራለሁ።»

«መሞከር ምን ያደርግልኛል? ካልቻልሽ ዞር በይ፣ ወለሉ ይያዘኝ።»

የኦሳካ ሰው መሆናቸውን ንግግራቸው አሳበቀ። እኛ ኦካያማዎች የማናውቀውን ሰው ማናገር ስንፈልግ መጀመሪያ ጉሮሯችንን እንጠርጋለን። የኦሳካ ሰው ጉሮሮ ግን ሁልጊዜ የተጠረገ ነው።

ከላይ አስጎብኚው ምሰሶዎቹን ያሳየናል። ግንቡ ሲሠራ ወፍራም ዛፍ ስለታጣ ቀጭኑን ግንድ በሳንቃ ከበው፣ በብረት ቀበቶ ጠፍረው፣ ምሰሶ አደረጉት። ይኸው እስከ ዛሬ ቆሟል።

«እንደ ትዳር ነዋ!» አሉ ሴትዮዋ ምሰሶውን በመዳፋቸው መታ መታ እያደረጉ። «በብረት ካልጠፈሩት የት ይቆማል? የኔን ሰውዬ ብታይው! ጉዞ የሚባል አይወድም። የሦስት ቀን ካሪ ወጥ ሠርቼለት መጣሁ። እስካሁን አንዴ አልደወለም። ወይ ጣፍጦታል፣ ወይ ሞቷል።»

ሳቅ አመለጠኝ። እንዲህ ባለ ቀልድ እስቃለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር። አስጎብኚው ዞር ብሎ አየኝ። ሴትዮዋ ከቦርሳቸው ሁለት ከረሜላ አውጥተው አንዱን ለእኔ፣ አንዱን ለአስጎብኚው ሰጡ።

«ሱናዳ ቶሚኮ እባላለሁ። ያንቺንም ንገሪኝ፤ መርሳቴ አይቀርም፣ አትቀየሚኝ።»

«ሚነጊሺ» አልኳቸው። እሳቸው ከከተማው ዳር ያለውን ሐይቅ ለማየት ወደ መስኮቱ ሄዱ፤ እኔ ሰዓቴን አይቼ ወረድኩ።

አምስት ሰዓት ላይ ምግብ ቤቱ ደረስኩ። በሩ ተከፍቷል! በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ተከፍቶ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው፤ ቆሜ አየሁት። ከጎኑ በትንሽ ጠረጴዛ ላይ የተራ መመዝገቢያው ወረቀት ተቀምጧል፤ ስም፣ የሰው ብዛት። እርሳሱን አንስቼ ጻፍኩ፦ ሚነጊሺ፣ 2።

እጄ ነው የጻፈው። በየምግብ ቤቱ በር ላይ መጻፍ ሁልጊዜ የኔ ሥራ ነበር፤ ባለቤቴን የእጅ ጽሑፉ ያሳፍረው ነበር። እሱ ካረፈ አራት ዓመት ሆነው፤ ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ወረቀት ፊት ቆሜ አላውቅም። ስለዚህ ጉዳይ ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ቁጥሯን ሰርዤ አንድ ልላት እርሳሱን ዳግም ሳነሳ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን አየሁ። «የቀይ ዓሣ ድስት ከሁለት ሰው ጀምሮ ነው። ለአንድ ሰው አናቀርብም፤ ይቅርታ እንጠይቃለን።»

ሁለት ጊዜ ስደውል የጠየቅኩት ስለ ሐሙስ ብቻ ነበር።

እርሳሱን ቀስ ብዬ አስቀመጥኩት። ሁለቷን እንዳለች ተውኳት።

ለሌላ ሰው ይህ ቀላል ነገር ይሆናል። እኔ ግን ጭር ባለ መንገድ ላይ እንኳ ቀይ መብራት ተሻግሬ አላውቅም። ልቤ እንደ ሌባ ልብ ይደልቅ ጀመር፤ የሚገርመው ደግሞ ደስ ማለቱ ነው።

አስተናጋጇ ብቅ አለች። ሃያ ዓመት ያልዘለላት፣ ፀጉሯን በነጭ ጨርቅ ያሰረች ልጅ ናት። «ወይዘሮ ሚነጊሺ፣ ሁለት ሰው። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይቆያል። ስንጠራ ሁለታችሁም በሩ ላይ ካልተገኛችሁ ተራው ያልፋል። ከባለቤትዎ ጋር ነዎት?»

«አዎ» አልኳት። ውሸቱ ምንም ሳያደናቅፈው ወጣ።

አንድ ሰዓት ተኩል። በዚህ ጊዜ ውስጥ አንድ ሰው ማግኘት አለብኝ። በዚህ ከተማ የማውቀው ሰው የለም። የማያውቁትን ሰው አቁሞ «ከእኔ ጋር ምሳ ይብሉ» ማለትስ? ይሉኝታን ከእናቴ ጡት ጋር የጠባሁ ሰው ነኝ። የማደርገው ጠፍቶኝ በግንቡ ዙሪያ ቦይ ላይ የሚዞረው ጀልባ ውስጥ ገባሁ። ጫማዬን አውልቄ ምንጣፉ ላይ ቀና ስል፣ የነብሩ ሸሚዝ ፊት ለፊት ተቀምጧል።

«ሚነ... ሚነ ምን ነበር? ነዪ፣ እዚህ ቦታ አለ!»

ሁለተኛዬ ሰው ራሳቸው ጠሩኝ። መጠየቅ ብቻ ነበር የቀረኝ።

ጀልባው ጣሪያ አለው። የቦዩ ድልድዮች ዝቅተኛ ስለሆኑ፣ ከሥራቸው ለማለፍ ጣሪያው ይወርዳል፤ ተሳፋሪውም አብሮ ዝቅ ይላል። ቀዛፊው ጥርሱ የሳሳ ሽማግሌ ነው። «እናቶቼ፣ አባቶቼ!» አለ። «ድልድዩ አይጎነበስም፤ እናንተ ጎንበሱ!»

ጉሮሮዬን ጠረግሁ። «ወይዘሮ ሱናዳ፣ ዛሬ ምሳ...»

«ጎንበስ!» አለ ቀዛፊው።

ጣሪያው እየተንቋቋ ወረደ። ግንባሬ ጉልበቴን ነካ። በጨለማው ውስጥ ውኃው ጆሯችን ሥር ይንሿሿል። ከወለሉ አጠገብ የወይዘሮ ሱናዳ ድምፅ መጣ፦ «እንዲህ ታጥፌ የማውቀው አንዴ ነው፤ እሱም ልጄን ስወልድ!» ከጎናችን ከረባት ያሰረ፣ ከተሳፈረ ጀምሮ አንድ ቃል ያልተነፈሰ ሰውዬ በአፍንጫው ሳቀ። ከዚያ ጀልባው ሁሉ ሳቀ፤ ጎንብሶ መሳቅ ሆድ ያማል።

ቀና ስንል እንደገና ጠረግሁ። «ምሳ ምን ለመብላት አስበዋል?»

«ኑድል! ጥቁሩን፣ በሦስት ሳህን ተደራርቦ የሚመጣውን። ከትናንት ጀምሬ ሆዴን ለሱ አስለቅቄዋለሁ። ሊያስቀረኝ የሚሞክር ሰው ቢኖር እነክሰዋለሁ።»

ወኔዬ ከዳኝ። ትንሽ ቆይቼ ግን ለሦስተኛ ጊዜ ጠረግሁ። «ሩዝስ? ሩዝ አይወዱም? ለምሳሌ ከዓሣ ጋር...»

«ጎንበስ!»

እንዲህ እያልን አራት ድልድይ አለፍን። አፌን በከፈትኩ ቁጥር ድልድይ ይመጣል፤ ድልድዩ ካለፈ እኔ ዝም እላለሁ። ስንወርድ ወይዘሮ ሱናዳ ጫማቸውን እያጠለቁ ፊቴን አተኩረው አዩት።

«ጉሮሮሽን አሥር ጊዜ ጠረግሽው። ጉንፋን ይዞሻል እንዴ?» ብለው የማር ከረሜላ መዳፌ ላይ አስቀመጡና በድልድዩ በኩል ወደ ኑድላቸው ሄዱ። እኔም «መልካም ምሳ» ብዬ እጅ ነሳሁ።

ምግብ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ከረሜላዬን እጠባለሁ። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ መጋረጃው ተገለጠ።

«ወይዘሮ ሚነጊሺ! ሁለት ሰው!»

«አቤት።»

ልጅቷ ከኋላዬ ሰው ፈለገች። «ባለቤትዎስ?»

«እየመጣ ነው።»

«ዛሬ የቀሩን ሁለት ድስቶች ናቸው። ከእናንተ ቀጥሎ ያሉት ሁለት ሰዎች ናቸው፣ ከዚያ ደግሞ አራት። አሥር ደቂቃ እጠብቅዎታለሁ። ከዚያ በላይ ግን...» አንገቷን ዘንበል አደረገች። አንገት ዘንበል ካለ ነገሩ አልቋል ማለት ነው።

ለበሩ እጅ ነስቼ «እንግዲህ በሚቀጥለው» ልለው አሰብኩ። በሚቀጥለው! ስንት በሚቀጥለው አለኝ? እግሬ አውጪኝ አልኩ።

ከድልድዩ በፊት የእግረኛ መብራት አለ። መንገዱ ባዶ ነበር። መብራቱ ቀይ ነበር። ተሻገርኩ።

ድልድዩ ላይ ስደርስ በወዲያኛው ጫፍ፣ ኑድል ቤቱ በር ላይ፣ ረዥም ሰልፍ ታየኝ፤ የነብሩ ሸሚዝ ከፊት ሁለተኛ ነው፤ ከኋላው ያ ባለ ከረባት ሰውዬ። «ወይዘሮ ሱናዳ!» ብዬ ጮህኩ። ሰልፉ በሙሉ ዞረ። ትንፋሼ ተቆራርጧል። በጭንቅላቴ ውስጥ ጨዋ ጨዋ ዓረፍተ ነገሮች ተሰልፈው ነበር፤ ስላስቸገርኩዎ ይቅርታ፣ ድፍረት ባይሆንብኝ፣ ጊዜ ካለዎት። አንዳቸውም አልወጡም።

«እባክዎን ለአንድ ምሳ ባሌ ይሁኑልኝ!»

 ቦዩ ላይ ያለችው ዳክዬ እንኳ ዝም ያለች መሰለኝ። ፊቴ ፍም ሆነ።

ወይዘሮ ሱናዳ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ቀለበቱስ?»

«የለኝም። ቀይ ዓሣ ነው ያለኝ። ከሁለት ሰው ጀምሮ ካልሆነ አይሰጡም፤ አሥር ደቂቃ ሰጥተውኛል፣ አምስቱ አልቋል።»

«ጀልባው ላይ ጉሮሮሽን የያዘሽ ይኼ ነበር?»

«አዎ።»

«አንቺ ሞኝ! አፍ አውጥተሽ አትናገሪም?» ቦርሳቸውን ትከሻቸው ላይ ሰቀሉ። «ኑድል ማታም አለ። በሰባ አራት ዓመቷ ባል ሁኚልኝ የምትባል ሴት ግን ስንት አለች?» ተራቸውን ለባለ ከረባቱ ለቀቁለት። ሰውዬው ወገቡን ሰብሮ እጅ ነሳንና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ከፍቶ፣ «እንኳን ደስ ያላችሁ» አለ። ሰልፉ አጨበጨበ።

ሮጥን። ልክ ሲባል እኔ ሮጥኩ፣ እሳቸው ተጎተቱ። «ቀስ በይ! ባልሽ ጉልበቱን ያመዋል!» እያሉ። መብራቱ በዚህ ጊዜ አረንጓዴ ነበር፤ ቅር አለኝ።

ልጅቷ በሩ ላይ ሰዓቷን እያየች ቆማለች። ከኋላችን ወንድ ፈለገች። ወይዘሮ ሱናዳ ሸሚዛቸውን አስተካክለው እጅ ነሱ።

«አስጠበቅኩ፤ ባልየው እኔ ነኝ። መኪና ማቆሚያ አጥቼ ነው።»

ልጅቷ እኔን አየች፤ ወረቀቱን አየች፤ ግድግዳው ላይ ያለውን ማስታወቂያ አየች። ከሁለት ሰው ጀምሮ ይላል እንጂ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ አይልም። የከንፈሯ ጫፍ ተንቀጠቀጠ፤ ራሷን ገዛች። «ሁለት ሰው፣ ገቡ!» ብላ ወደ ውስጥ ጮኸች። ማብሰያ ቤቱ በአንድ ድምፅ «እንኳን ደህና መጣችሁ!» አለ።

ድስቱ መጣ። ክዳኑ ሲነሳ እንፋሎቱ መነጽሬን ሸፈነው፤ ስጠርገው ዓሣው ሮዝ ቆዳውን ለብሶ፣ ጅራቱን ጠምዝዞ፣ በአንድ ዓይኑ ያየኛል። ከድስቱ ሥር የያዘው ሩዝ ገና ይንጣጣል። ለሠላሳ አንድ ዓመት ያዘገየሁት እንግዳ ይመስል «ይቅርታ» ልለው ምንም አልቀረኝም።

ወይዘሮ ሱናዳ ሳይጠይቁኝ በመብያ እንጨታቸው የዓሣውን ጉንጭ ፈልቅቀው ሩዜ ላይ አስቀመጡት። ከዓሣ ሁሉ የሚጣፍጠው እሱ ነው። ባለቤቴም እንዲሁ ያደርግ ነበር፤ አንዱን ጉንጭ ለእኔ፣ ሌላውን ለራሱ። ፍርድ የሚያውቅ ሰው ነበር። 

«እውነተኛው ባልሽስ የታል?» አሉ እየጎረሱ። «እሱም ቤት ሆኖ ካሪ ይበላል?»

«ካረፈ አራት ዓመቱ ነው» አልኩ።

እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ከዚያ አፋቸውን ያዙ። «ውይ! እኔ ደግሞ ምሰሶው ሥር ወይ ጣፍጦታል፣ ወይ...»

«ስቄ የለ እንዴ? እሱም ቢሰማዎ ይስቅ ነበር።»

«ነፍስ ይማር» የሚል ነገር እጠብቅ ነበር፤ አላሉም። ዓሣውን በጥንቃቄ ገለበጡት፤ የወዲያኛውን ጉንጭ ፈልቅቀው አወጡ፤ በናፍቆት አዩትና እሱንም ሩዜ ላይ ጫኑት።

«ይኸው። የኔ ሰውዬ ቢሆን ሁለቱንም ይውጣቸው ነበር።»

ሁለቱንም በላኋቸው። ከዚያ በኋላ ያለውን እንደ ጨዋ ሰው ልጽፈው ያስቸግረኛል። የተቃጠለውን የድስቱን ቂጥ ተሻምተን ፋቅን፤ ከጎረቤት ገበታ ሰዎች ድምፁን ሰምተው ዞሩ። ወይዘሮ ሱናዳ ሦስት ጊዜ፣ እኔ አራት ጊዜ ጨመርን። መጨረሻ ላይ የዓሣውን ክንፍ ሥር እየበረበርን «ዓሣ በዓሣ» የምንላትን አጥንት ፈለግን። ራሷ ትንሽዬ ዓሣ የምትመስል፣ ዓይን እንኳ ያላት አጥንት ናት፤ ለዕድል ትቀመጣለች። በያንዳንዱ ጎን አንድ አንድ አለች። በሻይ አጠብናቸው።

«ቀለበት ጠይቄሽ አልነበር?» አሉ፣ የራሳቸውን በወረቀት ጠቅልለው ቦርሳቸው ውስጥ እየከተቱ። «ተቀብያለሁ።»

ስልካቸውን በመብያ እንጨቱ ማቀፊያ ወረቀት ላይ ጻፉልኝና ወደ ኢዙሞ መቅደስ የሚሄደውን አውቶቡስ ለመያዝ ቸኮሉ። እዚያ ያሉት የትዳር አማልክት ናቸው። «ሁለት ባል... አይ፣ ባልም ሚስትም እንዳለኝ ሳልናዘዝ አላድርም!» ብለው ከአውቶቡሱ መስኮት እጃቸውን አውለበለቡ።

አንድ ሃምሳ እርምጃ እንደሄድኩ ከኋላዬ የሩጫ ድምፅ ሰማሁ። አስተናጋጇ ናት። በሁለት እጇ ጃንጥላ ይዛለች፤ እሱም ነብር ነው።

«ወይዘሮ ሚነጊሺ! ባለቤትዎ ጃንጥላቸውን ረስተዋል።»

እጅ ነስቼ ተቀበልኳት። አንዳችንም አልሳቅንም፤ ከባድ ነበር።

ወዲያው ደወልኩ። «በፖስታ ልላክልዎ?»

«ጃንጥላ በፖስታ? እብድ ነሽ? ራስሽ ይዘሽልኝ ነዪ! እኔ ሰፈር አንድ ምግብ ቤት አለ፣ እሱም ከሁለት ሰው በታች አያስገባም።»

«ባለቤትዎስ?»

«እሱ ካሪ ይበላ። ደወለልኝ እኮ! አልሞተም። የሩዝ ማብሰያው የቱ ጋ እንደሚነካ ሊጠይቅ ነው።»

ከሰዓት በኋላውን በሐይቁ ዳር ባለው ሙዚየም አሳለፍኩ። ትኬት ቆራጯ «ስንት ሰው?» አለችኝ። «አንድ» አልኳት። ሁለት ጃንጥላ መያዜን አየችና ደግማ ልትጠይቀኝ ስትል «አንድ» አልኩ፣ ረጋ ብዬ። በቁልፍ በሚዘጋው የጃንጥላ መስቀያ ላይ ግራጫዬንና ነብሩን ጎን ለጎን ቆለፍኳቸው፤ ሁለት ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ይንቃጨላል።

በሦስተኛው ክፍል ውስጥ የሁለት መቶ ዓመት ሥዕል ተሰቅሏል። በጥቁር ትሪ ላይ የተጋደመ ቀይ ዓሣ። ሠዓሊው እያንዳንዷን ቅርፊት በተለየ ቀለም ነክቷታል፤ ጅራቱ ገና ውኃ ያስታውሳል። ፊቱ ቆሜ ብዙ አየሁት። ከዚያ ዓይኔ ጉንጩ ላይ አረፈ። ድፍን፣ ያልተነካ፣ ያበጠ ጉንጭ። ማን ይሆን የበላው? ሠዓሊው ሥዕሉን ሲጨርስ ሚስቱን ጠርቶ ሰጣት ይሆን? ወይስ ሁለቱንም ዋጣቸው? ሳቄ ድንገት ገነፈለ። በዚያ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ፣ በሃምሳ ዘጠኝ ዓመቴ፣ አፌን በመሐረብ አፍኜ ትከሻዬ እስኪንቀጠቀጥ ሳቅሁ።

ጥግ ላይ የተቀመጠችው ጠባቂ ተነሥታ በእግሯ ጣቶች መጣች። «ደህና ነዎት፣ እመቤት?»

«ደህና ነኝ» አልኳት በሹክሹክታ። «ምሳዬን አግኝቼው ነው።»

ስወጣ ሐይቁ የብርቱካን ልጣጭ መስሎ ነበር፤ ከወዲያ ጥግ ግን ደመናው እየመጣ ነው። ጣቢያው ሳልደርስ ዝናቡ ያዘኝ። ግራጫውን ክንዴ ላይ አንጠልጥዬ ነብሩን ዘረጋሁ። መንገዱ ባዶ ነበር፤ መብራቱ ቀይ ነበር። በዚህኛው ቆምኩ። ለአንድ ቀን ያጠፋሁት ይበቃኛል።